የቀቢዋ ጣት

የጎረቤቴ ቀኝ እጅ የመጋገሪያውን ፓትራ ይቀባል። የምትሠራው ሌባ ጣቷ ብቻ ናት። መጀመሪያ ዙሪያውን ሦስት ጊዜ ትዞራለች፤ ቀጥላ ማዕዘኖቹን አንድ በአንድ ትነካለች፤ በመጨረሻ መሃሉን ከዳር እስከ ዳር ትጠርገዋለች። ከዚያ ጎረቤቴ አንድ ጭብጥ ዱቄት ትበትንበትና ፓትራውን ዘንበል አድርጋ ሥሩን በመዳፏ መታ መታ ታደርገዋለች። ዱቄቱ እንደ ጠዋት ውርጭ ስስ ሆኖ ይለብሰዋል፤ ትርፉን ታራግፈዋለች። ይህን ሁሉ ስታደርግ አንድም ጊዜ ፓትራውን አላየችውም። በመስኮቱ ወደ ጓሮ እያየች ስለ አተር ነበር የምታወራኝ።

"አተር ብርድ አይፈራም" አለችኝ። "መሬቱ ለስለስ ሲል ወዲያው ነው የሚዘራው። ዘር ሻጩ ቅዳሜ ስድስት ሰዓት ላይ ይዘጋል። ያ ቁመቱ አጭሩ፣ ጣፋጩ አተር ደግሞ ቶሎ ነው የሚያልቅበት። አምና ዘግይቼ ብሄድ ባዶ ከረጢት ገልብጦ አሳየኝ።"

"ታዲያ አሁን ሂጂ፤ ገና ሁለት ሰዓት ተኩል ነው።"

"ኬኩን ከትቼ፣ ሲበስል አውጥቼ፣ እነሱን ተቀብዬ፣ ምሳ አብልቼ፣ ከዚያ እሮጣለሁ።"

"በየትኛው እግርሽ ነው የምትሮጪው?"

"አንቺ ታበድሪኛለሽ" አለችና ሁለታችንም ሳቅን፤ የሁለታችንም ጉልበት ቢደመር አንድ ደረጃ በወጉ አይወጣም።

እኔ ከጠረጴዛው ማዶ ተቀምጬ የተቀቀለ ሽምብራ እልጥላት ነበር። ስለዚህ ያን ጠዋት ጣቷ የሠራችውን በዓይኔ አይቻለሁ። አየሁ እንጂ አላስተዋልኩም። ሠላሳ ዓመት ያየሁትን ነገር እንዴት ብዬ ላስተውለው?

ጎረቤቴን የሚያውቃት ሰው ሁሉ ቀቢዋ ይላታል። ስሙ የወጣላት በዳቦ ቤት ነው። በአሥራ ሰባት ዓመቷ ስትቀጠር የሰጧት ሥራ ፓትራ መቅባት ነበር፤ በቀን ሁለት መቶ ፓትራ፣ ከአንድ ትልቅ የቅቤ ባልዲ። በኋላ ሊጥ አቡክታለች፣ ኬክ አስጊጣለች፣ በመጨረሻም የንጋቱ ፈረቃ ኃላፊ ሆናለች፤ ስሙ ግን አልለቀቃትም። አንድ ጊዜ ለሠፈሩ አዲስ የሆነ ሰው ስሟን ሰምቶ በሯን አንኳኳና "ሳሎኔን መቼ ይቀቡልኛል?" አላት። እሷም ኮስተር ብላ "በቅቤ ከሆነ ዛሬውኑ" ብላ መለሰችለት። ሠላሳ አንድ ዓመት ሠርታ ጡረታ ወጣች። ጣቷ ግን ጡረታ አልወጣችም።

ባሏ አናጢ ነው። እርሳስ ከጆሮው ጀርባ ተለይቶት አያውቅም፤ የሠርጋቸው ፎቶ ላይ እንኳ በሙሉ ልብሱ ላይ እርሳሱ ጆሮው ጀርባ አለ። አንድ ወንድ ልጅ አላቸው፤ ከባድ መኪና ስለሚነዳ ከቤቱ ይልቅ መንገድ ላይ ነው የሚኖረው። ምራታቸው ፋርማሲ ውስጥ ትሠራለች፤ ዝም ያለች፣ የመድኃኒት ወረቀት እስከ መጨረሻዋ መስመር የምታነብ ሴት ናት። የልጅ ልጃቸው አንዲት ናት። አናጢው ገና ስትወለድ አይቶ "ይቺ ድንቢጥ ናት እንጂ ሰው አይደለችም" ስላለ እስከ ዛሬ ድንቢጥ ነው የምንላት።

ድንቢጥ እንቁላልና ወተት አይስማሟትም። አይስማማትም ሲባል ሆድ መንፋት ብቻ አይደለም። የማንኪያ ጫፍ ታህል ብትቀምስ ከንፈሯ ያብጣል፣ ትንፋሿ ያፏጫል። እናቷ ለዚህ የሚሆን መርፌ ቦርሳዋ ውስጥ ሳትይዝ ከቤት አትወጣም።

ባለፈው ዓመት፣ ቅጠሉ መርገፍ ሲጀምር፣ ድንቢጥ ስድስት ዓመት ሞላት። ያን ቀን ቀቢዋ ለመጀመሪያ ጊዜ ለልጅቷ ኬክ ልጋግር አለች። ምራቷን ጠይቃ አሠራሩን በወረቀት ጻፈች፤ እንቁላል የለም፣ ወተት የለም፣ ቅቤ የለም። ዱቄቱን ሁለት ጊዜ ነፋች። ዘይቱን አዲስ ጠርሙስ ከፈተች። ኬኩም አማረ። ልጅቷ ሁለት ጊዜ ጎረሰች፤ ከዚያ "አያቴ፣ ምላሴ ይበላኛል" አለች።

የቀረውን ባልተርከው እወዳለሁ። እናቷ መርፌውን ጭኗ ላይ ወጋቻት፣ አምቡላንስ መጣ፣ ልጅቷ አንድ ሌሊት ሆስፒታል አድራ ድና ወጣች። ቀቢዋ ግን ወጥ ቤቷ መሃል ቆማ ወረቀቱን ከላይ ወደ ታች፣ ከታች ወደ ላይ ታነባለች። ዱቄት፣ ስኳር፣ ዘይት፣ ውሃ። "ምን አጠፋሁ? ምኑን ጨመርኩ?" ትላለች። ከዚያ ዓይኗ ማጠቢያው ውስጥ የተኛው ፓትራ ላይ አረፈ።

"ፓትራው" አለች። "ፓትራውን በቅቤ ቀብቼዋለሁ።"

ማንም አልነገራት፣ ማንም አላዘዛት፤ ጣቷ በገዛ ፈቃዷ ሄዳ ቅቤውን አንስታለች።

ምራቷ አንዲት ክፉ ቃል አልተናገረቻትም። ብትናገር በተሻለ። ከዚያ በኋላ ሲመጡ ድንቢጥ ምሳ ዕቃዋን ታቅፋ ነው የምትመጣው። ጠረጴዛው ሙሉ ሆኖ ሳለ፣ ልጅቱ አያቷ ቤት እንደ መንገደኛ ከራሷ ዕቃ ትበላለች። አንድ ቀን ቀቢዋ ውሃ በብርጭቆ ብታቀርብላት፣ ልጅቷ ቀና ብላ እናቷን አየች፤ ልጠጣ ወይ ብላ። ውሃ እኮ ነው። 

በማግስቱ ግን ጓዳዋን ገለበጠችው። እንቁላሉን ለእኔ ሰጠችኝ። ወተቱን ለድመቷ ደፋችላት። ዕቃውን ሁሉ በሙቅ ውሃና በሶዳ ፈተገችው። ያስቸገራት ባሏ ብቻ ነበር።

"እኔ ያለ ቅቤ ዳቦ አይወርድልኝም" አለ አናጢው። "አርባ ዓመት በቅቤ የበላ ጉሮሮ ዛሬ በምን አፉ ይለምዳል?"

"ለልጅህ ልጅ ስትል!"

"ልጅቷ እኔን አትበላኝ!"

ብዙ ተጨቃጭቀው በመጨረሻ ተስማሙ። የእሱ ቅቤ ክዳን ባለው ሰማያዊ ጣሳ ውስጥ ሆኖ ከላይኛው መደርደሪያ ይቀመጣል፤ ቢላውም የብቻው ይሆናል፤ እሷ ጣሳውን ላትነካ፣ ክዳኑን ላትከፍት። እኔ ጽሕፈቴ ይነበባል ስለተባልኩ "ፓትራ በዘይት!" ብዬ በትልቁ ጽፌ ኦቨኑ በር ላይ ለጠፍኩላት።

ብርዱን ወራት በሙሉ ስትጋግር ከረመች። የመጀመሪያው ኬክ ሲወጣ አናጢው ጫፉን በመዶሻ መታ መታ አደረገና "ይሄ ለመሠረት ነው" አለ። ቀልዱን አላቆመም፤ ወስዶ የመሣሪያ ቤቱን በር ንፋስ እንዳይዘጋው ደገፈበት። እስከ ዛሬ እዚያው ነው፤ ዝናብም አይጥም አልደፈረውም። ሁለተኛው ውስጡ ሊጥ ሆነ። ሦስተኛው በሙዝ ተሠርቶ ነበር፤ ጣዕሙ ደኅና ነው፣ ቁመቱ ግን የጫማ ሶል ያህላል። ከዚያ ተልባ ፈጭታ በውሃ ብትለውስ ልክ እንደ እንቁላል ዝልግልግ አለላት። አናጢው ሙቀጫው ሲንኳኳ በሰማ ቁጥር ከጓሮ ሆኖ "ተልባ ቢንጫጫ ባንድ ሙቀጫ!" ይላል። እሷም "አንተም ብትንጫጫ ባንድ ቤት!" ትለዋለች።

እኔን የገረመኝ ግን የሽምብራው ውሃ ነው። የተቀቀለበትን ውሃ፣ እኛ ዕድሜ ልካችንን የደፋነውን፣ አቀዝቅዛ በስኳር መታችው። አሥር ደቂቃ ያህል እንደመታችው ነጭ አረፋ ሆኖ ቆመ። ሳህኑን ገልብጣ ጭንቅላቷ ላይ ያዘችው፤ ጠብ አላለም።

"ሠላሳ አንድ ዓመት የእንቁላል ነጭ ስመታ ኖሬ" አለች ከሳህኑ ሥር ሆና፣ "ለካ ሽምብራ ዝም ብሎ ሲታዘበኝ ነበር!"

አናጢው በበኩሉ ማታ ማታ የጓሮውን ፕላን ይሥላል። ያለፈ ዓመት የቀን መቁጠሪያ ገልብጦ፣ በማስመሪያ፣ በሴንቲ ሜትር። አንደኛው መደብ ካሮት፣ ሁለተኛው ድንችና ባቄላ፣ በአጥሩ ጥግ ዱባ። ዱባው ላይ እኔም አስተያየት ነበረኝ፤ ባለፈው አጥር ዘሎ የእኔን ቲማቲም አፍኖብኛልና። "ዱባ ድንበር አያውቅም ጎረቤት፣ ፍሬውን ካንቺ ወገን ካፈራ ያንቺ ነው" ብሎ ሸነገለኝ። እሷ ደግሞ ወረቀቱን ከምድጃዋ አንጻር ነው የምታየው፤ ካሮቱ ለኬክ፣ ዱባው ለሾርባ፣ አተሩ ልጅቷ ከነልጣጩ እንድትበላው። በወረቀቱ መሃል፣ ፀሐይ በደንብ በሚያገኘው ቦታ፣ አንድ ሜትር በአንድ ሜትር የሆነ ትንሽ መደብ ተሥሏል። ላዩ ላይ የተጻፈው አንድ ቃል ብቻ ነው። ድንቢጥ።

ያ መደብ ባለቤቱን ያገኝ አያገኝ ግን ገና አልተቆረጠም ነበር። በጸደይ ትምህርት ቤት ለአምስት ሳምንት ይዘጋል። በዚያው ጊዜ የምራቷ ባልደረባ ልትወልድ ስለሆነ፣ ምራቷ ፋርማሲው ውስጥ ከጠዋት እስከ ማታ መቆም አለባት። ልጅቷ ወይ እዚህ ትከርማለች፣ ወይ ደግሞ በባቡር ሙሉ ቀን በሚያስኬድ ከተማ ወዳለችው ወደ ሌላዋ አያቷ ትላካለች። ቀቢዋ አንድ ቀን እንኳ ስጪኝ ብላ አልጠየቀችም። "በምን ፊቴ?" ትለኛለች። ዓይኗ ግን ከጓሮው አይነሳም።

በዚያ ሳምንት ማክሰኞ ምራቷ ደወለች። ንግግሩ አጭር ነበር፤ ቀቢዋ ስልኩን እንደዘጋች አጥሩ ላይ መጥታ ቃል በቃል ደገመችልኝ።

"'ቅዳሜ እንመጣለን እማማ። ምሳ ዕቃ አልይዝም' አለችኝ። ሰማሽ? ምሳ ዕቃ አልይዝም!"

እንግዲህ ያ ቅዳሜ ይህ ነበር። ፈተናዋ ነበር። አልፋ ከተገኘች ልጅቷ ትመጣለች፤ ከወደቀች ሁለተኛ አይጠይቋትም።

አራት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሱ። ድንቢጥ ባዶ እጇን ነበረች። እጇን የምታደርግበት አጥታ ኪሷ ውስጥ ትከታለች፣ ታወጣለች። አናጢው ወዲያው ወደ ጓሮ ወሰዳትና ችካል አስያዛት፤ እሱ በመዶሻ ይመታል፣ እሷ ገመዱን ትስባለች።

"አባባ፣ ይሄ ሁሉ የኔ ነው?"

"አንድ ካሬ ሜትር ሙሉ! ንጉሥ እንኳ ሲሞት ሁለት ነው የሚይዘው።"

"ምን ልዝራበት?"

"ከረሜላ አይበቅልም። ከዚያ ሌላ ያሻሽን።"

አምስት ሰዓት ላይ ምሳ ቀረበ። የምስርና የካሮት ሾርባ፣ በነጭ ሽንኩርት የተጠበሰ ድንች፣ ፎሶሊያ በቲማቲም። ምራቷ መጀመሪያ አንድ ማንኪያ ቀመሰች፣ ቆየች፣ ከዚያ ለልጅቷ ቀዳችላት። ልጅቷ በላች። ደገመች። አናጢው ቶሎ ጨርሶ ወደ ችካሎቹ ተመለሰ፤ ሥራ ጀምሮ መቀመጥ አይሆንለትም። ቀቢዋ አንድ ጉርሻ አልዋጠችም፤ የልጅቷን ከንፈር ነበር የምታየው።

ኬኩ መጣ። ካሮት የተፈቀፈቀበት፣ ወርቅማ፣ ከላዩ የሽምብራው አረፋ የተቆለለበት። ቁመቱ አራት ጣት ሙሉ ነው። ድንቢጥ አፍንጫዋን አረፋው ውስጥ ነክራ አወጣችና ሳቀች። አንድ ቁራሽ በላች። "ልድገም?" አለች፤ እናቷን አይደለም፣ አያቷን ነው የጠየቀችው። ሁለተኛው ተቆርጦላት ግማሽ ላይ ስትደርስ፣ ቀቢዋ ጠረጴዛውን ልታስተካክል የዱቄቱን ከረጢት አነሳች።

ከከረጢቱ ጀርባ ሰማያዊው ጣሳ ነበር። ክዳኑ ተከፍቷል። ውስጡ ላይ የቢላ ሳይሆን የጣት ዱካ፣ ጥልቅና ለስላሳ፣ ልክ እንደ ማንኪያ ተጠርጎ ይታያል።

ኦቨኑን አየሁ። "ፓትራ በዘይት!" ያልኩት ወረቀት እንፋሎት በልቶት ተጠቅልሎ ነበር። ከመቼ ጀምሮ እንደተጠቀለለ ሁለታችንም አናውቅም፤ ከለመድነው በኋላ አላየነውም።

ቀቢዋ ማሰቢያ ጊዜ አልወሰደችም። ትንፋሽ እንኳ አልወሰደችም።

"አትብዪ! ልጄ አትብዪ!" ብላ ጮኸች። "ከጣሳው ነው የቀባሁት! ዛሬም በቅቤ ነው የቀባሁት!"

ሹካው አየር ላይ ቀረ። ምራቷ ወንበሩን ገፍታ ተነሳች፤ አልጮኸችም። ልጅቷን ወደ መስኮቱ ብርሃን አዞረቻት። "አፍሽን ክፈቺ። ምላስሽን አውጪ። ተንፍሺ። ደግመሽ ተንፍሺ።" መርፌውን ከቦርሳዋ አውጥታ በጥርሷ ክዳኑን ልትነቅል ተዘጋጀች። "መብላት ከጀመረች ስንት ደቂቃ ሆነ?"

"ሩብ ሰዓት ሆኗታል" አልኩ፤ የግድግዳው ሰዓት ፊት ለፊቴ ስለነበር።

"ያኔ በሁለት ደቂቃ ነበር የጀመራት" አለች ምራቷ፤ ለእኛ ሳይሆን ለራሷ።

ቀቢዋ ቀኝ እጇን በግራ እጇ አንቃ ይዛ ግድግዳው ላይ ተለጥፋለች። እኔ የምችለውን አደረግሁ፤ የጓሮውን በር ከፍቼ አናጢውን ተጣራሁ። ጫማው ጭቃ እንደያዘ፣ መዶሻውን እንዳንጠለጠለ ገባ።

"ምን ሆናችሁ?"

"ከጣሳህ ቀብቼ አበላኋት" አለችው ሚስቱ። 

አናጢው ጣሳውን አየ። ልጅቷን አየ። ከዚያ መዶሻውን ቀስ ብሎ ወንበር ላይ አስቀመጠ።

"ጣሳው ውስጥ ቅቤ የለም" አለ።

"አሁን የቀልድ ሰዓት ነው?"

"የለም አልኩሽ እኮ። ላይኛው መደርደሪያ ላይ ከወጣበት ቀን ጀምሮ ቅቤ ገብቶበት አያውቅም። የአትክልት ነው። ከዘይት የሚሠራው።"

ምራቷ መርፌውን እንደያዘች ቀና ብላ አየችው። "አባባ፣ ወረቀቱ አለ? የታሸገበት ወረቀት?"

ወጣ። በመስኮቱ ስናየው ያንን የድንጋይ ኬክ በእግሩ ገፍቶ ወደ መሣሪያ ቤቱ ሲገባ፣ የምስማር ሣጥን ይዞ ሲወጣ አየነው። አናጢ ምንም ነገር አይጥልም ይባላል፤ እውነት ነው። ከምስማሮቹ ሥር የአምስት ወር መጠቅለያ፣ ሁሉም በአራት ታጥፎ፣ እንደ ብርጭቆ ወረቀት ተደራርቦ ተቀምጧል። ምራቷ አንዱን ዘርግታ አነበበች። ፊቱን አነበበች፣ ጀርባውን አነበበች፣ ከሥር በጉንዳን ፊደል የተጻፈውን አነበበች። ከዚያ ሁለተኛውን ዘረጋች። ሦስተኛውን።

"ወተት የለበትም" አለች በመጨረሻ። "አንዱም ላይ የለበትም። ጣሳውስ?"

"መጀመሪያ በሶዳ ነው ያጠብኩት። ሦስት ጊዜ። ሱቅ ያለችውን ልጅ ጽሑፉን ሦስቴ አስነብቤያታለሁ፤ ሰውየው ማንበብ አይችልም ብላ ነው መሰለኝ አዝናልኝ ነበር።"

ቢሆንም መርፌውን ቦርሳ ውስጥ አልመለሰችም። ግማሽ ሰዓት እንጠብቅ አለች። አራት ሽማግሌና ጎልማሳ አንዲት ልጅ ዙሪያ ተቀምጠን የግድግዳውን ሰዓት አየን። ድንቢጥ ሰለቻት።

"አፌን መክፈት ደከመኝ። ግማሹ ኬኬ የት ሄደ?"

"ቆይ ልጄ።"

"አረፋው እየወረደ ነው!"

አልወረደም ነበር። የሽምብራ አረፋ ታጋሽ ነው።

በጠበቅንበት ጊዜ ቀቢዋ ልሳኗ ተመለሰ። የተመለሰውም በባሏ ላይ ነው።

"አምስት ወር! አምስት ወር ሙሉ 'ቅቤዬን አትንኩብኝ' እያልክ! ለምን አልነገርከኝም?"

"ብነግርሽ ኖሮ ጣትሽ ትዝናና ነበራ። ጣሳው ክፉ ነው ብለሽ ስትፈሪው ነው የምትጠነቀቂው።"

"ፈርቼውስ መች ዳንኩ!"

"እሱንም አውቄ ነው በውስጡ ክፉ ነገር ያላስቀመጥኩት።"

"ታዲያ ክዳኑን ከፍተህ ጠረጴዛ ላይ የተውከው አንተ አይደለህም?"

አናጢው ጆሮው ጀርባ ያለውን እርሳስ ነካ ነካ አደረገ። "ጠዋት ዳቦዬን ቀብቼ ረሳሁት" አለ። "አንቺ በጣትሽ፣ እኔ በጭንቅላቴ። ሁለታችን ተደምረን አንድ ሙሉ ሰው አይወጣንም።"

"ጣዕሙስ?" አልኩት እኔ፤ ከልቤ ማወቅ ፈልጌ ነበር።

"የመጀመሪያው ሳምንት ሳሙና ሳሙና አለኝ ጎረቤት። ከዚያ ለመድኩት። ሰው የማይለምደው ነገር አለ? እሷንም ለምጃታለሁ።"

ቀቢዋ በፎጣ መታችው። ከዚያ ፎጣውን ፊቷ ላይ አድርጋ አለቀሰች። ለቅሶው የሐዘን እንዳልሆነ ሁላችንም አውቀናል፤ ልጅቷ ብቻ ናት "አያቴ፣ ሽንኩርት ነው?" ያለቻት።

ስድስት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት ሲቀረው ምራቷ የልጅቷን ሆድና አንገት ለመጨረሻ ጊዜ ገልጣ አየች። ጥርት ያለ ነው። መርፌውን ቦርሳዋ ውስጥ መለሰችና ዚፑን ዘጋች። ያ የዚፕ ድምፅ እስካሁን ጆሮዬ ውስጥ አለ፤ ሁላችንም አንድ ላይ የተነፈስነው ያኔ ነው።

"እማማ" አለች። ቀቢዋ ፎጣውን አወረደች፤ ፍርዷን እንደምትሰማ ሰው ቀጥ ብላ ተቀመጠች። "እውነቱን ልንገርዎት። እጅዎን አላምነውም።"

"አትመኚው ልጄ። እኔም አላምነውም።"

"ግን ያኔም፣ ዛሬም፣ አጠፋሁ ለማለት አንዲት ደቂቃ አልፈጀብዎትም። እኔ ሥራ ቦታዬ የማየው ሰው ሁሉ መጀመሪያ ይደብቃል፣ ከዚያ ነው የሚናገረው። አባባ ደግሞ ለእርስዎ ጣት ብለው አምስት ወር ሳሙና በልተዋል።" እዚህ ላይ ከንፈሯ ጥግ ላይ ፈገግታ መጣ፤ እኔ እሷ ላይ ፈገግታ ስመለከት ያ ሁለተኛዬ ነው። "እጅዎን አላምነውም። ቤቱን ግን አምናለሁ። አምስቱንም ሳምንት እዚህ ትክረም።"

ቀቢዋ አልጮኸችም፣ ምራቷን አላቀፈቻትም። ቢላውን አነሳችና ከኬኩ ትልቅ ቁራሽ ቆርጣ ምራቷ ፊት አስቀመጠች። ምራቷም፣ ስንት ጊዜ ጠረጴዛው ላይ በጨዋነት ሁሉን እንቢ ያለች ሴት፣ ሹካ ሳትፈልግ በእጇ በላችው።

"አንድ ነገር ብቻ" አለች አፏ ሙሉ ሆኖ። "ያንን ጣሳ ክዳኑን ዝጉት። እኔን ነው የሚያስፈራኝ።"

አናጢው ዘጋው። ያን ቀን ከሰዓት በኋላ ደግሞ ቀለም ፈልጎ ክዳኑ ላይ አረንጓዴ ቅጠል ሣለበት፤ ቅጠሉ ጠማማ ነው፣ አናጢ ቀጥ ያለ ነገር ካልሆነ አይሆንለትም።

እንደ ቦርሳው ዚፕ ሁሉ ልጅቷም ድንገት ተዘጋች። ጠግባ፣ ደክማ፣ አያቷ ጭን ላይ ወጥታ፣ ጭንቅላቷን ደረቷ ላይ ጥላ ተኛች። ቀቢዋ የኋላው ደረጃ ላይ ነበር የተቀመጠችው፣ ፊቷን ወደ ጓሮው አድርጋ። ፀሐይ ወጥታ ነበር፤ መሬቱ ከላይ ከላይ መላቀቅ ጀምሯል። አናጢው ገመዶቹን ወጥሮ ጨርሶ የመጨረሻውን ችካል፣ የትንሿን መደብ አራተኛ ማዕዘን፣ ልጅቷን እንዳይቀሰቅስ በመዶሻ ፈንታ በጫማው ተረከዝ ይገፋል።

ዕቃውን አጥቤ ስጨርስ በሩ ላይ መጥቼ ጠየቅኋት።

"አተሩስ? ስድስት ሰዓት አልፏል እኮ።"

ቀቢዋ ቀና አላለችም። የዘሮቹ ዝርዝር፣ አተር ከሁሉ በላይ ሁለት ጊዜ የተሰመረበት ወረቀት፣ ከሽርጧ ኪስ ጫፉ ወጥቶ ይታያል። ዘር ሻጩ በዚያ ሰዓት መዝጊያውን አውርዶ ቤቱ ገብቷል፤ አጭሩ አተር ደግሞ እስከ ሰኞ እንደማይቆይ ሁለታችንም እናውቃለን። ያቺ ጣቷ የልጅቷን ጆሮ ዙሪያ አንዴ፣ ሁለቴ፣ ሦስቴ ዞረች።

"እሽሽ" አለችኝ በሹክሹክታ። "ትነሳብኛለች።"